«መቼ ነው የሚጀምሩት?»፦ የእትዬ ጥርስ፣ የእትዬ ፍርሃትና አንዲት ክኒን

ታላቅ እህቴ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ማታ ማታ የአዛውንቶቹን ሰው ሠራሽ ጥርስ ተቀብላ በብሩሽ ትፈትጋለች፤ ከዚያ ስማቸው የተጻፈበት ኩባያ ውስጥ ትዘፈዝፋለች። በአንድ ማታ የአሥራ አራት ሰው ጥርስ አጥባ ታውቃለች። የራሷን ጥርስ ግን 11 ዓመት ሙሉ ሐኪም አላየውም።

እትዬ ነው የምላት። በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ አሁን 47 ናት። ሁለታችንም ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነን። ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። «ስሜን ብቻ እንዳትጠሪ፤ በኋላ ቅዳሴ ሲያልቅ ሰው ሁሉ አፍሽን ክፈቺ ይለኛል» ብላ ነው የፈቀደችው።

ነገሩ የተነሣው በዐቢይ ጾም ነው። ቆሎ ስትበላ በቀኝ በኩል የታችኛው መንጋጋዋ ጠዘጠዛት። ምን አደረገች? ቆሎውን ወደ ግራ አዞረችው። በሳምንቱ ቅርንፉድ መያዝ ጀመረች። (ቅርንፉድ እንዲያው ወግ ብቻ አይደለም። ውስጡ ያለው ዩጂኖል የሚባል ዘይት በእርግጥ ያደነዝዛል፤ የጥርስ ሐኪሞችም ለጊዜያዊ ሙሌት ይጠቀሙበታል። ሥሩ ጋ ለተጠራቀመ መግል ግን ምንም አይፈይድም።) ከቅርንፉዱ ወደ ጨውና ሙቅ ውሃ፣ ከዚያ ወደ አይቡፕሮፌን ተሻገረች። አንድ ቀን ጠዋት ስደውልላት ድምፅዋ ተለውጧል። ሄጄ ሳያት ጉንጯ ድፎ ዳቦ አክሏል።

ድንገተኛ ክሊኒክ ወሰድኳት። አንቲባዮቲክ ሰጧትና ቁርጡን ነገሯት። መድኃኒቱ እብጠቱን ያበርደዋል፤ ጥርሱ ግን እዚያው ነው፤ የጥርስ ሐኪም ካላየው እብጠቱ ይመለሳል። «እሺ» አለች። እትዬ ቶሎ «እሺ» ስትል እኔ እጠረጥራለሁ።

የመጀመሪያውን ቀጠሮ «ሥራ ተጠራሁ» ብላ ሰረዘችው። ለሁለተኛው እስከ ክሊኒኩ በር ነድታ ሄደች። ፓርኪንጉ ላይ 40 ደቂቃ ተቀመጠች። በስልክ አብሬያት ነበርኩ። «ወረድሽ?» እላለሁ። «አሁን እወርዳለሁ» ትላለች። መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ፣ ላብ እንዳጠመቃት በኋላ ነው የነገረችኝ። በመጨረሻ በስልኩ የሰማሁት መኪናው ወደ ኋላ ሲወጣ የሚያሰማውን ጢጥ ጢጥ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ልጅነታችን ልመለስ። ያደግነው ደብረ ማርቆስ ነው። እትዬ በዘጠኝ ዓመቷ መንጋጋዋ ተቦረቦረ። ሰፈራችን ውስጥ ጥርስ የሚነቅል ሰው ነበር። ሐኪም አይደለም፤ እጁ ግን ጠንካራ ነው ይባልለታል። አጎታችን «ነይ፣ ዝም ብሎ ሊያይልሽ ነው» ብሎ እጇን ይዞ ወሰዳት። እኔም ተከተልኩ፤ ስድስት ዓመቴ ነው። እዚያ ስንደርስ አጎታችን እግሯን ያዘ። ሌላ ሰው ከኋላ ሆኖ ጭንቅላቷን በጉልበቶቹ መሐል አጣበቀ። ማደንዘዣ የሚባል ነገር የለም። ጉጠቱ ጥርሱን ከላይ ሰበረውና ሥሩ ቀረ። እንደገና ገቡ። ሲያልቅ በጨው ውሃ አጉመጠመጧትና ከረሜላ ገዙላት። ከረሜላውን ለእኔ ሰጠችኝ። በላሁት።

አጎታችን ክፉ ሰው አልነበረም። ልጅን ለማዳን የሚያውቀው መንገድ ያ ብቻ ነበር። እትዬ ግን ስለዚያ ቀን ስታወራ ሕመሙን ብዙም አታነሣም። የምታነሣው የተያዘችውን እግሯንና «ዝም ብሎ ሊያይልሽ ነው» የሚለውን ቃል ነው። ስለዚህ ሦስተኛ ቀጠሮ ልትይዝ ስትደውል እንግዳ ተቀባይዋ በደግነት «አይዞሽ፣ ዶክተሯ ዝም ብላ ነው የምታይሽ» አለቻት። እትዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

ያኔ ነገሩን እኔ ያዝኩት። ለሚፈሩ ሰዎች ማረጋጊያ የሚሰጥ ሌላ ክሊኒክ ፈለግሁ። የመጀመሪያው ቀን ለወሬ ብቻ እንደሆነ፣ ወንበሩ ላይ እንደማትቀመጥ በስልክ አስረግጬ ጠየቅሁ። እውነትም ተራ ቢሮ ውስጥ፣ ተራ ወንበር ላይ ነው የተቀመጥነው። ዶክተሯ አምስት ጥያቄ ያለበት ወረቀት ሰጠቻት። ይህ መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ነው፤ በብዙ አገር ይሠራበታል። ነገ ጥርስ ሐኪም ዘንድ የምትሄጂ ቢሆን ምን ይሰማሻል? ተራ ስትጠብቂስ? ሊቦረቡሩልሽ ሲሉስ? ጥርስሽን ሲጠርጉስ? ድድሽን መርፌ ሲወጉሽስ? ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ይሰጣል። ከ25 ነጥብ 19ና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ፍርሃቱ ብርቱ ነው ይባላል። እትዬ 23 አመጣች። «ፈተና እንዲህ አምጥቼ አላውቅም» አለች። ዶክተሯ ሳቀች፤ ያን ቀን ከአንዳቸው ፊት ላይ ሳቅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

የቀረቡላት አማራጮች ሦስት ነበሩ። አንዱ በደም ሥር የሚሰጥ ማረጋጊያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሚዳዞላም የሚባለው። ጠንካራ ነው፤ የሠለጠነ ሰውና ተጨማሪ መሣሪያ ይፈልጋል። ሌላው በአፍንጫ የሚሳበው ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፤ ሳቅ አምጪ ጋዝ የሚባለው። ይህ ጋዝ ከጥርስ ጋር ያለው ዝምድና የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1844 ሀርትፎርድ፣ ኮኔቲከት ውስጥ ሆረስ ዌልስ የተባለ የጥርስ ሐኪም አንድ ትርኢት ሊያይ ገባ። ጋዙን የሳበ ሰው እግሩ ተጋጭቶ ሲደማ ምንም እንዳልታወቀው አየ። በማግሥቱ ራሱ ጋዙን ሳበና የገዛ ጥርሱን ባልደረባውን አስነቀለ። ሌላ ሰው ላይ ሳይሞክር መጀመሪያ ራሱ ወንበሩ ላይ የወጣ ሐኪም! ይህን ለእትዬ ስነግራት «እንዲህ ያለው ሐኪም የት ይገኛል» አለች። ጋዙን ግን አልፈለገችውም። አፍንጫ ላይ የሚደረገውን ጭንብል ስታይ «ፊቴን ሊይዙኝ ነው» ብላ ወደ ኋላ ሸሸች።

የቀረው ክኒን ነው። ትራያዞላም፣ 0.25 ሚሊግራም፣ አንድ ፍሬ፣ ከሥራው አንድ ሰዓት በፊት። ከታወቀው የጭንቀት መድኃኒት ከዳያዜፓም ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። አንጎል ውስጥ ጋባ የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ እንደ መኪና ፍሬን ሆኖ ነርቮችን ያበርዳል። እነዚህ ክኒኖች የዚያን ፍሬን ጉልበት ይጨምራሉ። ጭንቀቱ ይረግባል፣ ጡንቻው ይላላል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ሰውየው ግን አይጠፋም፤ ሲጠሩት ይመልሳል፣ አፍህን ክፈት ሲባል ይከፍታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር ላይ ነው፤ ክኒኑ ሕመም አያስታግሥም። የሚያደነዝዘው መርፌ ያው አይቀርም። ዶክተሯ ይህን ሳትሸፍን ነገረቻት። እትዬ ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና በአማርኛ ወደ እኔ ዞር ብላ «ይቺ አትዋሽም» አለች።

ከዚያ የጥያቄ ናዳ መጣ። ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ? ታንኮራፊያለሽ? እንቅልፍ ላይ ትንፋሽሽ ይቆራረጣል? መጠጥ ትጠጫለሽ? የፈንገስ መድኃኒትስ? ግሬፕፍሩት ትወጃለሽ? ስለ ፍራፍሬ መጠየቋ አስቆን ነበር። ለካ ግሬፕፍሩት ይህን ክኒን የሚፈጨውን የሰውነት ኢንዛይም ያግዳል። እንደ ኬቶኮናዞል ያሉ የፈንገስ መድኃኒቶች ደግሞ ከዚያ በባሰ ስለሚያግዱት ከትራያዞላም ጋር ጨርሶ አይሰጡም። እትዬ የምትወስደው የደም ግፊት ክኒን ብቻ ነው። በመጨረሻ «ሌላ የሚያረጋጋ ወይም የሚያስተኛ ነገርስ?» ተባለች።

«የለም» አለች።

ነበር። የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ልወስዳት ስሄድ በሩን ከፈተችልኝና ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች ሶፋው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ምላሷ ይጎተታል። «ምን ወሰድሽ?» «ምንም።» «እትዬ!» «ትንሽ ነገር ናት።» አንዲት ወዳጇ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ዳያዜፓም ይዛላት መጥታለች፤ ባለ 5 ሚሊግራም። ሌሊቱን አንድ፣ ሲነጋጋ ሌላ አንድ ውጣለች። ዳያዜፓም አገር ቤትም ቢሆን ያለ ልዩ የሐኪም ማዘዣ መሸጥ የለበትም። ግን እንዴት እንደሚገኝ ሁላችንም እናውቃለን፤ የአክስት፣ የጎረቤት፣ የሟች አባት ትራፊ ነው።

መኪና ውስጥ ለመነችኝ። «እንዳትነግሪያቸው። ይሰርዙብኛል። ዳግመኛ ድፍረቱ አይመጣልኝም።» ልቤ ተከፈለ። ክሊኒኩ ገብተን ነርሷ ክኒኑን በትንሽ ኩባያ ይዛ ስትመጣ ግን ተናገርኩ። ክኒኑ ወደ መጣበት ተመለሰ። ዶክተሯ ወጥታ አጠገባችን ተቀመጠችና አስረዳችን። ትራያዞላም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል። ዳያዜፓም ግን በግማሽ ለመጉደል ብቻ እስከ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ተፈጭቶ የሚተካው ነገር ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያል። ሁለቱ ሲደራረቡ የሚያሰጋው እንቅልፉ አይደለም፤ እስትንፋስ መድከሙ ነው። በአሥር ቀን ተራዘመ። አንቲባዮቲኩ ቀጠለ።

ስንመለስ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ቤቷ በር ላይ ስትወርድ ብቻ «አንቺም ያዝሽኝ» አለች። ይህች ቃል አንጀቴን በላችው። ሁለት ቀን ስልኬን አላነሣችም። በሦስተኛው ቀን የዳያዜፓሙን ፓኮ በከረጢት አድርጋ መጥታ «ውሰጂው» አለችኝ። የማይፈለግ መድኃኒት የሚጣልበት ሣጥን ያለው ፋርማሲ ወሰድኩት። ለዶክተሯ በመናገሬ አልጸጸትም። የምጸጸተው አስቀድሜ ለእሷ «እናገራለሁ» ሳልላት በመግባቴ ነው።

አሥሩ ቀን ሲያልፍ ሄድን። ስድስት ሰዓት ሙሉ እህል አልቀመሰችም። ክኒኑን ክሊኒኩ ውስጥ፣ ነርሷ እያየቻት ወሰደች። ጣቷ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ሰኩላት። የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ምንም የለም፤ እግሯን ታወዛውዛለች። ከዚያ «መኪናውን ቆልፈሻል?» አለችኝ። «ቆልፌያለሁ።» ከሁለት ደቂቃ በኋላ «መኪናውን ቆልፈሻል?» እንደገና ትንሽ ቆይታ «እኔ ምልሽ፣ መኪናው...» ነርሷ ፈገግ አለች። ክኒኑ መያዙን ያወቁት በዚህ ነው። እትዬ በእግሯ፣ በነርሷ ክንድ ተደግፋ ወደ ውስጥ ገባች። እኔ ውጭ ቀረሁ።

ከ25 ደቂቃ በኋላ ጠሩኝ። ጥርሱ ወጥቷል። ከፊል ተኝታ ከፊል ነቅታ ጎዝ ነክሳለች። ዓይኗን ገልጣ አየችኝና በጎዙ መሐል፣ በተኮላተፈ አፍ «መቼ ነው የሚጀምሩት?» አለችኝ።

ለሕመሙ አይቡፕሮፌንና አሴታሚኖፌን ብቻ ነው ያዘዙላት። እንደ ሞርፊን ካሉ ኦፒዮይድ ከሚባሉ ማስታገሻዎች ጋር የትራያዞላምን ቤተሰብ ክኒኖች መደራረብ እስትንፋስ እስከ ማቆም ስለሚደርስ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 በጥቁር ሣጥን የተከበበ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አስጽፎበታል። የቤት መመሪያው በአንድ ገጽ ነው። እስከ ነገ መኪና አትነዳ፣ ምድጃ አትንካ፣ ብቻዋን አትሁን፣ ወረቀት ላይ አትፈርም። ምድጃውን ጠበቅሁ። ቁልፉን ደበቅሁ። ስልኳን ረሳሁ።

ለካ እኔ አጥሚት ላሞቅ ወጥ ቤት ስገባ ለጓደኛዋ ደውላ የእቁብ ተራዋን ለቃላታለች። እትዬ ያንን ተራ ሰባት ወር ጠብቃዋለች! በማግሥቱ ጓደኛዋ «ተባረኪ፣ ቤቴን አቆምሽው» ስትላት እትዬ ስለ ምን እንደምታወራ አታውቅም። ደግነቱ ጓደኛዋ ነገሩ ሲገባት እስክታነባ ስቃ ተራዋን መለሰችላት። አሁን እቁቡ ውስጥ ተራ የሚለምን ሰው ሁሉ «እስቲ ጥርስሽን ታመሚ» ነው የሚላት።

ሳቁ አለ። የጉዳዩ ቁም ነገር ግን እዚህ ነው የሚጀምረው። ራጁ ሌሎች ሁለት የተበሉ ጥርሶች አሳይቷል። ለሁለተኛው ቀጠሮ ሳምንት ሲቀረው እትዬ እንደገና እንቅልፍ አጣች። ገረመኝ። «እትዬ፣ ያ ሁሉ እኮ ምንም ሳትሆኚ አለፈ» አልኳት። «ለእኔ አላለፈም» አለችኝ። «እኔ እኮ የለሁበትም። ገባሁ፣ ወጣሁ፣ መሐሉ ጨለማ ነው። ምን እንዳደረጉኝ ምን አውቃለሁ?»

ክኒኑ ትዝታን ይሰርቃል። ከተዋጠ በኋላ የሚሆነውን ነገር አንጎል አያኖረውም። ይህ የመርሳት ነገርና ሌላም የአእምሮ ጣጣ ተደማምሮ ነው ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ትራያዞላምን ከገበያ ያወጣችው። ለአንዳንዱ ሰው መርሳቱ እፎይታ ነው፤ ብዙዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው። እትዬ ግን ክፉውን ስትረሳ ደጉንም አብራ ረሳች። ያልዋሸችው ዶክተር፣ ያልያዛት ሰው፣ ሕመም ያልነበረው ነቀላ፣ አንዱም አእምሮዋ ውስጥ አልገባም። እዚያ ያለው አሁንም የደብረ ማርቆሱ ብቻ ነው።

ይህ የእሷ ብቻ አይደለም። ጀርመኖች ጥርስ ሐኪም አጥብቀው በሚፈሩ 50 ሰዎች ላይ ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት አለ። አንዱ ቡድን ሚዳዞላም ወሰደ፤ ሌላው ፍርሃትን መቋቋም የሚያለማምድ የአንድ ጊዜ ሥልጠና አገኘ፤ ሦስተኛው ሁለቱንም አላገኘም። በዕለቱ መድኃኒቱም ሥልጠናውም ፍርሃትን ቀነሱ። ተመልሰው ሕክምናቸውን የጨረሱት ግን ከሠለጠኑት 70 በመቶ፣ ሚዳዞላም ከወሰዱት 20 በመቶ ብቻ ናቸው። ምንም ካላገኙት 10 በመቶ።

ዶክተሯ እትዬ ያለችውን ስንነግራት አልተገረመችም። ክኒኑን አዘዘችላት፤ ነገር ግን «ከፈለግሽ በእጅሽ ይዘሽው ነይ፣ ሳትውጪው» አለቻት። ሌላ ነገር አስተማረቻት። ግራ እጅሽን ስታነሺ አቆማለሁ። ለምን እንዳነሣሽ አልጠይቅሽም። ከማድረጌ በፊት እያንዳንዱን እነግርሻለሁ፤ የማያም ከሆነ አያምም እላለሁ፣ የሚያም ከሆነ ያማል እላለሁ። የጋዙን ጭንብል ደግሞ እንድትለምደው ቤት ይዛው እንድትሄድ ሰጠቻት። እትዬ ጭንብሉን ቲቪ እያየች ታደርገው ነበር። አንድ ቀን አድርጋው በር ከፈተችልኝ፤ ደንግጬ ልወድቅ ነበር።

በሁለተኛው ቀጠሮ ክኒኑን አልዋጠችም። ቀለል ያለ ጋዝ ነው የሳበችው። ጋዙ ሲቆምና ኦክስጅን ሲሰጥ በደቂቃዎች ውስጥ ከሰውነት ይወጣል፤ ትዝታንም እንደ ክኒኑ አይወስድም። ኢንሹራንሷ አልሸፈነውም፤ ከኪሷ ከፈለች። እኔም አብሬ እንድገባ ጠየቀች። መጀመሪያ ድዷ ላይ የሚያደነዝዝ ጄል ተቀባ። ከዚያ መርፌው፣ በጣም በዝግታ። ዶክተሯ መቦርቦሪያውን ገና ሳታስነሣ የእትዬ ግራ እጅ ወደ ላይ ወጣ። ዶክተሯ ወዲያው ሁለት እጇን ከፍ አድርጋ ወደ ኋላ አለች። ዝም። እትዬ ጣሪያውን አየች፣ ነርሷን አየች፣ እኔን አየችኝ። እጇን አወረደች። በኋላ ስጠይቃት «ሊያቆሙ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው እንጂ ምንም አልሆንኩም» አለችኝ።

ያን ቀን እጇን ስድስት ጊዜ አነሣች። ስድስቱንም ጊዜ ቆሙላት። ሁለት ሙሌት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ ሌላ ሰው ቢሆን በግማሹ ያልቅ ነበር። ስትወጣ ክሊኒኩ በር ላይ ቆማ እያንዳንዷን ደቂቃ ተረከችልኝ። አብሬያት እንደነበርኩ ረስታለች። የመርፌው ጣዕም መራራ ነው፤ ነርሷ የለበሰችው ጫማ ቢጫ ነው፤ መቦርቦሪያው ድምፁ ብቻ ነው የሚያስጠላው።

ባለፈው ወር ለጥርስ ጠረጋ ሄደች። ያለ ጋዝ፣ ያለ ክኒን። አንድ ጆሮዋ ላይ መዝሙር ሰክታ፣ ሌላኛውን ለዶክተሯ ክፍት ትታ። ያንኑ ባለ አምስት ጥያቄ ወረቀት ሰጧት፤ 13 አመጣች። መርፌው ላይ አሁንም 5 ነው የሞላችው። «ይሄንን አልዋሽም» አለች።

ያልተዋጠችው ክኒን አሁንም አለች። ትናንት ቦርሳዋ ውስጥ ቁልፍ ስፈልግ በሶፍት ተጠቅልላ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ኋላ አገኘኋት። «እትዬ፣ ይቺን ለፋርማሲው ሣጥን እንስጣት» አልኳት። ቦርሳውን ከእጄ ቀስ ብላ ወሰደችና ዚፑን ዘጋችው። «ትኑርልኝ» አለች። «አልውጣትም። ግን ትኑር።»